መሪው ሲላላ

«መሪ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ጭነት ተሸክሞ ይኖራል። አንዱ ሕዝብ የሚከተለው ሰው ነው፤ ሌላው ሾፌር በሁለት እጁ የሚይዘው ክብ ነገር። ስለዚህም አንድ ሐበሻ «መሪው ላልቷል» ብሎ ወሬ ሲጀምር፣ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ግማሹ ሰው ይስቃል፤ ግማሹ ደግሞ ማን እንደሰማ ለማየት ዞር ዞር ይላል። ግጥም ለሚሞክር እንደኔ ላለ ሰው ይህ የተዘረጋ ማዕድ ነው። አጎቴ ግን ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው እንደተኙ፣ «እዚህ ቅኔ የለም፤ ባትሪውን ወዲህ አብራ!» ብለው ቀድመው ዘጉብኝ። እነሆ በዚህች ጽሑፍ ውስጥ፣ ውድ አንባቢ፣ መሪ ማለት መሪ ብቻ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስ ኤስ ናት። አሜሪካኖች የእርሷን ዓይነቶች «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት። አብዛኛው ሰው የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥረው ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ጀምሮ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ለትልቅ መኪና የተሠራውን ሞተር በመካከለኛ መኪና አካል ውስጥ መክተት። በአጎቴ መኪና ጎን ላይ 396 የሚል ቁጥር ተለጥፏል። ነገር ግን ፋብሪካው ለ1970 ሞዴል የሲሊንደሩን ስፋት በጥቂቱ ጨምሮ የሞተሩን መጠን 402 ኪዩቢክ ኢንች አድርሶት ነበር፤ ስሙ ገበያ ስለለመደው ብቻ አሮጌው ቁጥር ሳይነቀል ቀረ። ጉልበቱ 350 ፈረስ ነው ተብሎ ተሸጧል። ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ዋጋ፣ የጭስ ሕግና የ1973ቱ የነዳጅ እገዳ ተረባርበው ያንን ዘመን ዘጉት።

ስለ ሞተራቸው የሚያወራ ሞልቷል። ኮፋኖ ከፍቶ የሚያስጎበኝም እንዲሁ። እነዚህን መኪኖች በሰዓት ስልሳ ማይል ሲሄዱ ቀጥ አድርጎ መያዝ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚናገር ግን ብዙ አይገኝም። ትዋልላለች። ነፋስ ሲመታት ትሸሻለች፤ ከባድ መኪና ሲያልፋት ትጠጋለች፤ የአስፋልቱን ቦይ ካገኘች ደግሞ ባቡር ይመስል እርሱን ተከትላ ልትሄድ ትፈልጋለች። መሪውን ሦስት ጣት ያህል ታዞረዋለህ፤ ጎማው ምንም አልሰማም። ጥቂት ስትጨምር ደግሞ ከጠየቅኸው በላይ ሰምቶ ይገኛል።

አጎቴ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ መፍቻ ሲያቀብሉ አድገዋል። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገብተው ዋሽንግተን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ሼቬሏን በ1994 የገዟት ቨርጂኒያ ውስጥ ጡረታ ከወጡ አንድ ሽማግሌ ነው። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መኪና ሥር ሲገቡ ቋንቋቸው ይለወጣል። እዚያ ያለው ሁሉ ጣልያን ጋራዦቻችን ውስጥ ትቶልን የሄደው ስም ነው፦ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ዳዶ፣ ግራሶ፣ ቴስቲና። አንድ ቀን መለዋወጫ መሸጫ ቆመው ባለሱቁን «ቴስቲና» ብለው ሲጠይቁት ልጁ ኮምፒዩተሩ ላይ ፊደሉን እየቆጠረ ሲፈልግ አየሁ። እሳቸው ስሙ እንግሊዝኛ አለመሆኑ ትዝ ያላቸው ልጁ «ምን ዓይነት መኪና ነው ቴስቲና?» ብሎ ሲጠይቃቸው ነበር።

ዘንድሮ የዓይን ሐኪማቸው ግላኮማ መኖሩን ነገራቸው። የጎኑ እይታ እየጠበበ ስለሆነ መንዳት እንዲያቆሙ መከራቸው። አጎቴ ስለ ዓይናቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። በሳምንቱ ቁልፉን አንሥተው ለልጃቸው ሰጡ። ልጅቱ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሪችመንድ ሥራ አግኝታለች፤ በመስከረም መጀመሪያ ትሄዳለች። ከእኛ ሰፈር ከአሌክሳንድሪያ እስከዚያ በአውራ ጎዳና 95 መቶ ማይል ገደማ ነው። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ደስ አላላቸውም። አንድ ጎረቤት መኪናዋን በጥሩ ዋጋ ሊገዛ ለምኖ ነበርና፣ «በዚያ ገንዘብ ለልጄ ደኅና መኪና ገዝቼ የትምህርት ዕዳዋንም እቀንስላት ነበር» አሉ። ለመናገር እንጂ ለመጣላት አይደለም፤ ግን ነገሩ እቤት ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነድታት ስትመለስ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር።

«አባዬ፣ ይቺ መኪና ታማለች።»

«ማን አለ? ሠላሳ ዓመት ነድቻታለሁ!»

«መንገድ ላይ አትቆምም። ወደ ሌላው መስመር ልትገባብኝ ነበር።»

«ገና አልለመድሻትም፤ የዛሬ መኪና እኮ ራሱ ይነዳል፤ እጅሽን አስንፎብሻል።»

እትዬ ከወጥ ቤት ሆነው ምንም አላሉም። ዝምታቸው ግን ይሰማ ነበር።

እኔ ከሁለቱም ጋር በየተራ ተቀምጬ ስለማውቅ ልዩነቱን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። አጎቴ ሲነዱ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ እውነት ነው። እጃቸውን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ለአፍታ አይቆሙም። ግራ ጥቂት፣ ቀኝ ጥቂት፣ እንደገና ግራ፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት ማሰሻዋን በምጣዱ ላይ እንደምታዞር ያለ፣ ሳይታሰብ የሚሠራ ሥራ ነው። መላላቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በየዓመቱ የፀጉር ያህል እየጨመረ ሄደ፤ እጃቸውም በየዓመቱ የፀጉር ያህል እየሸፈነለት። በመጨረሻ የመኪናዋ ግማሽ መሪ ብረት፣ ግማሹ የአጎቴ እጅ ሆኖ ቀረ። ያንን እጅ ደግሞ ለልጅ አውርሶ መስጠት አይቻልም።

ይህንን በዚህ ቃል አልነገርኳቸውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ተሳፋሪ ሆነው አንድ ጊዜ ይሞክሩት» ብቻ አልኩ። ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የሰፈሩን መንገድ ዞረው መጡ። ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና፣ «ነገ ጠዋት ና፤ የቆሸሸ ልብስ ልበስ» አሉኝ።

የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ መድኃኒቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፦ መሪው ሳጥን ራስ ላይ አንዲት ብሎን አለች፤ እሷን ማጥበቅ ነው። ብሎኗ በእርግጥ አለች። መሪው ሳጥን ውስጥ ጠመዝማዛ ዘንግ አለ፤ በእርሱ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ይመላለሳል፤ በሁለቱ መካከል ትናንሽ የብረት ኳሶች እየተንከባለሉ ዞረው ይመለሳሉ። ዳዶው በጎኑ ባሉት ጥርሶች ሌላ ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ብሎኗም እነዚህ ጥርሶች ምን ያህል ተጠጋግተው እንዲነካከሱ የምትወስን ናት። ነገር ግን ጥርሶቹ ሲሠሩ መሪው መሀል ላይ ሲሆን ጠበቅ፣ ወደ ጎን ሲዞር ላላ እንዲሉ ተደርገው ነው። ብሎኗን ያለ ልክ ያጠበቀ ሰው ለአንድ ሳምንት መኪናው የዳነ ይመስለዋል፤ ከዚያ መሪው መሀል ላይ ይነክሳል፣ ካዞሩት በኋላ ወደ ቦታው መመለስ እምቢ ይላል፣ ጥርሱም ይበላል። በደንቡ ከሆነ መጀመሪያ የጠመዝማዛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ይስተካከላሉ፤ ብሎኗ ከዚያ በኋላ ናት፤ ሁለቱም ሳጥኑ ከሌላው ብረት ተለያይቶ፣ ዘንጉን ለማዞር የሚፈልገው ኃይል እየተለካ ነው። አጎቴ ይህን ሁሉ አልዘረዘሩም። «ብሎኗ የመጨረሻ ናት» ብቻ አሉ፤ ያማከሩን ሰዎችም ቅር ብሏቸው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከእጅ እስከ ጎማ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ሳጥኑን የሚያገኘው ከጎማና ከጨርቅ በተሠራች ክብ ማያያዣ በኩል ነው። ከሳጥኑ ሥር አንዲት ክንድ ትወጣለች፤ እሷ መካከለኛውን ረጅም ብረት ወደ ግራና ቀኝ ትገፋለች። የዚህን ብረት ሌላኛ ጫፍ በተሳፋሪው በኩል ሌላ ክንድ ደግፋ ትይዘዋለች። እሷ ራሷ ምንም ስለማትገፋ አሜሪካኖቹ «ሥራ ፈት» ብለው ሰይመዋታል፤ እንደማየው ግን ከሁሉ ቀድማ የምታልቀው እሷው ናት። ከመካከለኛው ብረት ወደ ሁለቱ ጎማዎች ሁለት ዘንጎች ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዳቸው በሁለቱም ጫፍ ቴስቲና አለ፤ አራት መሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ የጎማው መያዣ ከላይና ከታች ያሉት የኳስ መጋጠሚያዎች፣ የክንዶቹ ጎሚኒዎች፣ የጎማው ኩሽኔታ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ አንድ ትልቅ ጉድለት ካለ ቶሎ ይገኛል። የሚያስመሸው በስምንት ቦታ ተበታትኖ የተቀመጠ ሳንቲም ነው። የሼቬሏም ነገር እንዲሁ ነበር።

መኪናዋን በሁለት መወጣጫ ላይ አወጣናት፤ ክብደቷ ከጎማዎቿ እንዳይነሣ። የኋላ ጎማዎቿን በእንጨት ደገፍን፣ ሞተሩም ጠፍቷል። ልጅቱ መሪውን ይዛ በጣም በጥቂቱ ግራ ቀኝ እንድታወዛውዝ ታዘዘች፤ ለማዞር ሳይሆን ባዶውን ለማንገጫገጭ ያህል። አጎቴ ከሥር ገቡ። እኔ ባትሪ ያዝኩ። ግን ብርሃኑ ለእሳቸው ብዙም አልጠቀመም። ጥቂት ቆይተው፣ «ዓይኑን ተወው» አሉኝ፤ እጃቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ዝም አሉ። ሐኪም የልብ ምት ሲያዳምጥ እንዲህ ነው። መጋጠሚያው ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ ብረቶች አብረው ይሄዳሉ፤ ካለቀ አንዱ ቀድሞ ሌላው ይከተላል፤ መካከል ላይ ያለችው ያቺ ቅጽበት በጣት ትሰማለች።

«አንድ» አሉ። የግራው የውጭ ቴስቲና።

«ሁለት።» ሥራ ፈቷ ክንድ፤ በጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ትጫወት ነበር።

የቀኙን የውስጥ ቴስቲና ሁለት ጊዜ ተመልሰው ዳሰሱት። «ይቺም።»

ከዚያ ኮፋኖው ተከፍቶ ክቧ ማያያዣ ታየች። ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ መሪው ሲወዛወዝ ከላይ ያለው ይዞራል፣ ከታች ያለው ቆሞ ያስባል። ልጅቱ ከመቀመጫዋ ሆና፣ «አባዬ፣ ስንት ሆነ?» አለች። «አራት» አሉ። ወዲያው ደግሞ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፣ «አራት ነገር አልቆ እኔ አልሰማሁም» አሉ። ባትሪውን ወደ ሌላ ቦታ አዞርኩት።

የመግጠሙ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ከሁሉ የሚያስቸግረው አሮጌውን ማላቀቅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የተኛ ብረት በልመና አይነሣም። ከአጎቴ የተማርኳት አንዲት ነገር ትጠቅም ይሆናልና ልጻፋት፦ አሮጌው ቴስቲና ከዘንጉ ተፈትቶ ሲወጣ ዙሩን ቁጠር፤ አዲሱን በዚያው ቁጥር አስገባ። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ወደ አላይመንት ቤት እስኪደርሱ ድረስ ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በመሪው ላይ የነበረው የሦስት ጣት ባዶ ቦታ ከአንድ ጣት በታች ሆነ። ብሎኗን ሳንነካት ቀረን።

አላይመንት ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ልጁም ትሑት። መኪናዋን ኮምፒዩተሩ ላይ አወጣት፤ የ1970 ሼቬል የፋብሪካ ልክ ከነቁጥሩ ተገኘ። ሠርቶ ሲጨርስ በስክሪኑ ላይ ያሉት ሳጥኖች በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ። ከፈልን፤ ወጣን። አውራ ጎዳናው ላይ መኪናዋ ዋለለች።

እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ይህን ልጅቱም ወዲያው ለየችው። ድሮ የተናገርከውን ዘግይታ ትሰማ ነበር። አሁን ቶሎ ትሰማለች፤ ግን ከሰማች በኋላ የምትመለስበት ቦታ የላትም። መሀል የሚባል ነገር አልነበራትም። ተጠምዛ መሪውን ስትለቃት በተጠመዘዘችበት ትቀራለች። እትዬ ማታ እራት ላይ የጎረቤቱን ስም አነሡ። አጎቴ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።

መልሱ የመጣው ከብስክሌት ነው። በማግስቱ አጎቴ አንድ የሰፈር ሕፃን እጁን ከመሪው አንሥቶ ሲነዳ በመስኮት አይተው ጠሩኝ። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ከላይ ወደ ነጂው ያዘነብላል። ያ ማዘንበል ጎማው ከመዞሪያው መስመር ኋላ ኋላ እንዲጎተት ያደርገዋል፤ የሚጎተት ነገር ደግሞ ራሱን ቀጥ ያደርጋል። በመኪና ላይ ይኸው ማዘንበል ካስተር ይባላል፤ የላይኛው የኳስ መጋጠሚያ ከታችኛው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀመጥ የሚለካ ነው። በ1970 የሼቬል ልክ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ የቀረበ፣ እንዲያውም ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። መሐንዲሶቹ አልተሳሳቱም። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው ክሮቻቸው በሰያፍ በተጠላለፉ ጎማዎች ነው፤ መሪው ያለ ዘይት ግፊት እርዳታ ለሚያዞረው ሾፌርም እንዳይከብድ ይፈለግ ነበር። ሚሼሊን ራዲያልን በ1946 ፓተንት ቢያስመዘግብም አሜሪካኖች በብዛት ወደዚያ የተሻገሩት በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ ሼቬሏ የቆመችው በራዲያል ላይ ነው፤ መሪዋንም ዘይት ያግዘዋል። ኮምፒዩተሩ በትክክል የመለሰው በእርሷ ላይ ለሌሉ ጎማዎች የተጻፈውን ጥያቄ ነበር። እኔም በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፤ ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ፣ ፊርማው ሁሉ ተሟልቶ፣ ያ ቅጽ የወጣለት ሁኔታ ግን ከጠፋ ዓመታት አልፈውታል።

ሁለተኛው ባለሙያ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። አጎቴ «ሦስት» ብለው ሦስት ጣት አሳዩት፤ ሰውየው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የሼቬል ካስተር የሚስተካከለው የላይኛው ክንድ ከሻሲው በሚታሠርበት ቦታ በሚገቡ ስስ ብረቶች ነው፤ ከፊተኛው ብሎን ቀንሶ ወደ ኋለኛው ጨመረ። በግራ ሦስት ዲግሪ፣ በቀኝ ሦስት ተኩል። ግማሿ ዲግሪ የመንገዱ መሀል ከዳሩ ከፍ ስለሚል መኪናዋ ወደ ቀኝ እንዳትንሸራተት ናት። የፊት ጎማዎቹም ወደ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ኢንች ያህል እንዲተያዩ አደረጋቸው። አንዳንዱ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ስክሪኑን አጠፋው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጅቱ ነዳች። አጎቴ አጠገቧ፣ እኔና እትዬ ከኋላ። ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ከቤልትዌዩ ተነሥተን የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንወጣ የፖቶማክ ወንዝ ነፋስ ከጎን መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራችን አለፈ። እትዬ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ያዙ። ሼቬሏ ጥቂት ተነቅንቃ ወደ መስመሯ ተመለሰች። ልጅቱ መሪውን ያዘችው እንጂ አላዞረችውም።

አጎቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እጆቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። ግራ ጥቂት፣ ቀኝ ጥቂት፣ እንደገና ግራ። ድልድዩን እስክናጋምስ ድረስ እንዲህ ሲነዱ ቆዩ።

«ምን ሆንክ አባዬ?» አለች ልጃቸው፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

«ምንም» አሉ። እጆቻቸውን ወደ ታች አዩ፤ ከዚያ አንሥተው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።